ያልተበላው ወታደር

ውድ ባለቤቴ፣

ለማንም ትንፍሽ ያላልኩት ነገር አለ። የዚያን የቼዝ ፍጻሜ ምስጢርህን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ ወንድምህ አይደለም።

ፍጻሜው ሲቃረብ ለሳልህ ሽሮፕ ልገዛ መድኃኒት ቤት ሄጄ ነበር። ባለመድኃኒት ቤቱ ተጋጣሚህ እንደሆነ አውቅ ነበር።

«እትዬ፣ ያ ሰውዬሽ ምን እየደገሰልኝ ነው?» አለኝ እየሳቀ።

እኔም አንተ በሌለህበት የቼዝ መጽሐፍህን እየገለጥኩ ለብቻዬ የተማርኩትን የሚሰማልኝ ሰው አጥቼ ነበርና፣ «ወታደር በነጻ ያቀርብልሃል። ‹ይብላው፣ ያንቀዋል› እያለ ነው» አልኩት። ቀልድ መስሎኝ። ደግሞስ ሆዳምነቱን ያላወቀ ማን አለ? የቀረበለትን ሳይበላ አልፎ አያውቅም።

በፍጻሜው ዕለት ከወንድምህ ጎን ተቀምጬ ነበር። ከንግሥቲቱ ፊት ያለውን ወታደር ሁለት ቤት ገፋህ። እሱም የራሱን አምጥቶ ፊት ለፊቱ ገተረ። ከጎን ያለውን ወታደር ስታቀርብለት ወንድምህ ትንፋሹን ዋጠ፤ ወር ሙሉ አብራችሁ የለፋችሁበት ወጥመድ ነበር። ሰውዬው ወታደሩን አየ፣ አንተን አየ፣ ሆዱን መታ መታ አድርጎ «ጠግቤያለሁ» አለ። ዳኛው ተቆጣው። አንተ ግን ቦርዱን ትተህ ወደ ወንድምህ ዞርክ። ከዚያ በኋላ የተጫወተው እጅህ ብቻ ነው። ተሸነፍክ።

ቤት ስንገባ ጫማህን እንኳ ሳታወልቅ፣ «ከሱ በቀር የሚያውቅ የለም» አልክ። መልሴን ትጠብቅ ነበር።

«ምን ይታወቃል፤ ሰው አይታመን» አልኩህ።

በማግስቱ ወንድምህ ሲመጣ «ሂድ፣ ከሚያበላህ ጋር ተጫወት!» አልከው።

«ጋሼ፣ በሞቴ፣ ምን አጠፋሁ?» አለ። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። እስከ ቀብርህ ቀን ደጃችንን አልረገጠም።

አንድ ነገር ግን ዛሬም ይከነክነኛል። ከዚያ ወዲህ ብቻህን ስትጫወት፣ ሻይ ይዤ ስገባ ቦርዱን በጋዜጣ ትሸፍነው ነበር። ከማን ነው የምትሸፍነው? ጠርጥረኸኝ ነበር? ከእኔ ጋር መኖር ስላለብህ ጥርጣሬውን ለወንድምህ አሸክመኸው ይሆን? እኔም ብርጭቆውን ሳስቀምጥ ዓይንህን እሰልል ነበር። ሁለት ሰላዮች ባንድ አልጋ።

ይቅርታህን አልለምንም፤ አንተም የበደልከው፣ እኔም የበደልኩት ሌላ ሰው አለ። ውድ ብዬ ላንተ የጻፍኩት ከአንተ ሌላ የልቤን የማወራው ሰው ስላልነበረኝ ነው። ገጾቹን ግን ነገ በገዛ እጄ የምሰጠው ለወንድምህ ነው።