መንገድ ላይ ለቀረው የልጄ የኮሌጅ ክፍያ የቀረበ ምስጋና

ለክቡር የባንኩ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ያ የሚሽከረከር ወንበርዎም፣ ከእኛ የሚለይዎት ወፍራም መጋረጃም በሙሉ ጤንነት እንድትቆዩ እመኛለሁ። እኔ ከቅርንጫፍዎ ጀርባ ባለው መንገድ በርና መስኮት የምሠራ አናጺ ነኝ። ከአርባ አንድ ቀን በፊት የልጄን የመጨረሻ ዓመት የኮሌጅ ክፍያ፣ ማለትም የስምንት በርና የሁለት ቁም ሣጥን ድካሜን፣ በባንክዎ በኩል ላክሁ። ከእኔ ሂሳብ ወዲያው ወጣ፤ ስለ ፍጥነቱ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ኮሌጁ ግን እስከ ዛሬ ምንም አልደረሰኝም ይላል። ከዚያ በኋላ የተደረገልኝን መስተንግዶ በሆዴ ይዤ ውለታ ቢስ እንዳልባል፣ በአደባባይ ልዘርዝረው።

1. መስኮት ሦስት ያለችው ሠራተኛ ወደ መስኮት ሰባት ላከችኝ፤ መስኮት ሰባት ያለው ባልደረባዋ ዓይኑን ከስልኩ ሳይነቅል ወደ መስኮት ሦስት መለሰኝ። በመካከላቸው ያለው አሥራ አራት እርምጃ ነው፤ ስመላለስ ቆጥሬዋለሁ።

2. ሲስተም የለም ተባልኩ። ዘጠኝ ጊዜ። እኚህ ሲስተም የሚባሉት ትልቅ ሰው ገንዘቤን የተረከቡ ዕለት ቢሯቸው ነበሩ፤ እኔ ልጠይቅ ስመጣ ግን ሁልጊዜ ወጣ ብለዋል። ሲመለሱ ሰላም ይበሉልኝ።

3. ምክትልዎ ቅሬታዬን በጽሑፍ እንዳመጣ አዘዙኝ፤ ባመጣሁትም ጊዜ፣ ፊርማህ ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት በሌላ ቅርንጫፍ ሂሳብ ስትከፍት ከፈረምከው ጋር አይገጥምም ብለው መለሱልኝ። እውነታቸውን ነው። ያኔ አሥር ጣት ነበረኝ፤ አንዱን መጋዝ ወስዶታል። የሚገርመኝ ግን፣ ገንዘቡ እንዲወጣ የፈረምኩትም በዚሁ በጎደለው እጄ ነበር፤ ያን ዕለት ፊርማዬ ምንም እንከን አልተገኘበትም።

4. ልጄ የምትማረው አዋላጅ ነርስነት ነው። ባለፈው ወር ነጭ ጋዋኗን ተኩሳ፣ ለብሳ ሄዳ፣ ስሟ ካልከፈሉት ጋር ተጠርቶ ከፈተናው አዳራሽ በር ተመለሰች። ቤት ስትገባ ጋዋኑን አጣጥፋ አስቀመጠችና አይዞህ አባዬ አለችኝ። አይዞሽ ማለት የነበረብኝ እኔ ነበርኩ፤ አንጀቴን ያሳረረኝም ይኸው ነው። የማሟያ ፈተናው የፊታችን ሰኞ ነው፤ ክፍያው እስከ ዓርብ ካልገባ አንድ ዓመቷ ተቃጠለ። እዚህ ቁጥር ላይ ምስጋና የለኝም።

በመጨረሻ ምክትልዎ ሲሰለቻቸው፣ ቅሬታዬን መግቢያው አጠገብ በተሰቀለው የአስተያየት መስጫ ሳጥን ውስጥ እንድከት፣ እሱ በየሳምንቱ በኃላፊዎች እየተነበበ አፋጣኝ መልስ እንደሚሰጥበት ነገሩኝ። እኔም የታዘዝኩትን የማከብር ሰው ነኝና በየሳምንቱ አንድ አንድ፣ በድምሩ አራት ደብዳቤ ከተትኩ። መልሱን እየጠበቅሁ ነው።

ትዕግሥትን በነጻ ላስተማረኝ ተቋም ዘላለም ባለውለታ መሆኔን እየገለጽኩ፣ ገንዘቡ እንጂ የሂሳብ ደብተሩ ያልጠፋበት ታዛዥ ደንበኛዎ፣ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እሰናበታለሁ።

አናጺው

ግልባጭ፦
ለክቡር ሲስተም (ቢሯቸው ከተገኙ)

ድኅረ ጽሑፍ፦ ያን ሳጥን የሠራሁት እኔ ነኝ፤ ቅርንጫፉ ሲከፈት፣ ከሦስት ዓመት በፊት፣ እርስዎ ራስዎ ፈርመው ተረክበውታል። እሑድ ዕለት የበር ማጠፊያ ፍለጋ መሳቢያዬን ስበረብር አንድ ፖስታ እጄ ገባ፤ በላዩ ላይ በራሴ ጽሕፈት የባንኩ ሳጥን ቁልፍ፣ መጥተው ይወስዳሉ ይላል። የመጣ የለም፤ እኔም ረስቼው ኖሬያለሁ። ሌላ ቁልፍ የለውም። በየሳምንቱ የሚነበበው ሳጥንዎ እንግዲህ ከተሰቀለ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም። ቁልፉን ከዓርብ በፊት መጥተው ሊወስዱ ይችላሉ፤ መታወቂያዎን፣ ሁለት ጉርድ ፎቶግራፍ፣ እንዲሁም ያኔ ከፈረሙት ጋር የሚገጥም ፊርማ ይዘው ይምጡ። እስከዚያው ለጣቶችዎ ይጠንቀቁ።