የሦስቱ ፍቅር እና ስሟን የደበቀችው አንባቢ

ዳሊሳይ፣

ወደ ባኮሎድ የሚሄደው ጀልባ እንዳያመልጠኝ ቸኩያለሁ። የዶሮ ወጡ፣ አዶቦው፣ ድስቱ ውስጥ አለልሽ፤ ሩዙን አንቺ ቀቅዪ።

ከምንወደው ድራማ ተነስቼ ኢንተርኔት ላይ በምጽፈው ታሪክ ሥር፣ ትናንት አንዲት ስሟን የደበቀች አንባቢ «ሦስት ሰው በአንድ ፍቅር? ቀድመሽ ብታስጠነቅቂን ምን ነበረበት!» ብላ ጻፈችብኝ። ይሁን። ግን «ጭራሽ መርከበኛው መጨረሻ ላይ ከሁለቱም ሴቶች ጋር ይኖራል!» ብላ ጨመረችበት።

ያንን ምዕራፍ ገና አላወጣሁትም። ያነበብሽው አንቺ ብቻ ነሽ።

አንቺ ነሽ አላልኩም።

ካስጠነቀቅኩ ታሪኩ ይበላሻል ብዬ ነበር። ደስ የማይለው ሰው ሳያውቅ እንዲገባበት ማድረጌ ግን ጥፋቴ ነው፤ ዛሬ ጠዋት «ሦስቱም ይዋደዳሉ» የሚል መለያ ለጥፌበታለሁ። መርከበኛውን ግን አንዷን ምረጥ አልለውም።

ከተቀየምሽኝ ፊት ለፊት ንገሪኝ። ስምሽን ብትደብቂም ድምፅሽ አይጠፋኝም።

ማያሪ