ይህ ድምፅ የአባባ አይደለም

ሰኞ
«አዎ፣ እኔው ነኝ፣ አብሽር!» አለ ስልኩ። ደንበኛው ደስ ብሎት ቆርቆሮ አዘዘ። አባባ ደግሞ ከሱቁ መጋረጃ ጀርባ ተኝቶ ጣሪያ ያያል። ስትሮክ ከመታው ወዲህ አንዲት ቃል አልወጣውም። ወንድሜ ከድር የአባባን የድሮ የድምፅ መልእክቶች ሰብስቦ ኤአይ የሚሉትን ማሽን አስለመደና ይኸው፣ ማሽኑ ለደንበኛ ሁሉ በአባባ ድምፅ ይመልሳል። ሱቅ ድረስ መጥቶ ለሚጠይቅ፣ «አባባ አገር ቤት ነው» እንላለን። ገበያው ደርቷል። እኔን ግን ያንን አይዞህ ባይ «አብሽር» በሰማሁ ቁጥር ይሰቀጥጠኛል።

ማክሰኞ
ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮ ሰማሁ። ለደንበኛ የሚመልሰው ሰው ሳይሆን ሰው ሠራሽ አስተውሎት ከሆነ፣ ነጋዴው የመናገር ግዴታ አለበት የሚል ሕግ ውጭ አገር ወጥቷል አሉ። ለከድር ነገርኩት።
«እኛ ጋ ሲመጣ እንናገራለን። አሁን ማን ጠየቀን?» አለ።
ለደንበኞች የሚላክ አጭር ማስታወቂያ ስልኩ ላይ ጻፍኩ። ግን አልላክሁትም። ፈሪ ነኝ።

ሐሙስ
ከቡሹሎ መንደር ሚስማር ሊገዛ የመጣ ሰው ስለ አባባ አንስቶ፣ «ሐጂ ምነው ለቅሶ ቀሩ? ጋሽ ዳንጊሶ ሚስታቸውን ቀብረው በር በሩን ሲያዩ ሰነበቱ» አለኝ። ክው አልኩ! ጋሽ ዳንጊሶ የአባባ የወጣትነት ጓደኛ ናቸው። አንዱ የሌላውን ለቅሶ ቀርቶ አያውቅም። የሱቁን ስልክ ከፈትኩ። መርዶውን ራሳቸው በድምፅ መልእክት ልከዋል። መልሱ፦ «አብሽር ወንድሜ፣ እየመጣሁ ነው»።
ከመርዶው በፊት የላኳቸውን መልእክቶች ግን ሳልሰማ ዘጋሁት። ለአባባ ስነግረው እንባው ወረደ።

ቅዳሜ
ጋሽ ዳንጊሶ ራሳቸው መጡ። ከድር «አገር ቤት ነው» ሊል ሲጀምር መጋረጃውን ገለጥኩት። አባባን ሲያዩ ተንበርክከው አቀፉት። «እኔ እኮ ቂም ይዤብህ ነበር!» እያሉ አለቀሱ። ሁሉንም ነገርኳቸው። ተገላገልኩ ብዬ አባባ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ እጁን ያዝኩት።
ቆይተው ስልካቸውን አወጡ። «ታዲያ ልጄ፣ ይሄንንስ ያለኝ ማነው?»
የአባባ ድምፅ፦ «አብሽር፣ ትኩሳት ብቻ ነው፣ ሐኪም ቤት አያስሮጥም። ነገ ትነሳለች።»
«ጤና ጣቢያው እኮ ደጃፌ ነው» አሉ። «ሐጂ ካለ ብዬ ነው ሚስቴን ሳልወስዳት የቀረሁት።»
አባባ እጁን ከእጄ መነጨቀ።
ጋሽ ዳንጊሶ ሳይሰናበቱን ወጡ። ማሽኑን አጠፋሁት፤ ማስታወቂያውንም ለሁሉም ላክሁ። ከድር ጮኸብኝ። ይጩህ! ሕጉን ሳልጠብቅ ተናገርኩ፤ ግን ለማን ደረስኩ?
አሁን ስልኩ መልእክት በመልእክት ሆኗል። የመጀመሪያዋ ሴትዮ፣ «ታዲያ ስለ ልጄ ሕመም ያማከርኩት ማንን ነው?» ትላለች።
የሌሎቹን ሳልከፍት ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት።