“አልጋው በየት በኩል ነው?” ሲሉ የኖሩት የወይዘሮ ፈለቀች ደጀኔ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ፈለቀች ደጀኔ ከአባታቸው ከአቶ ደጀኔ ወልደ ጻድቅ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አስካለ ምንዳ በኅዳር ወር 1956 ዓ.ም. በደብረ ሲና ከተማ ተወለዱ። አባታቸው የጭነት መኪና ረዳት ነበሩና ሥራው ወደ ቆላ ሲያወርዳቸው ቤተሰቡም ተከትሎ ወርዶ፣ ሸዋ ሮቢት ከወንዙ ብዙ ሳይርቅ ቤት ቀለሰ። ፈለቀች ገና ድክ ድክ ማለት እንደ ጀመሩ ብርቱ ትኩሳት ይዟቸው ግራ እግራቸው ሰለለ። “ነፋስ መታት” ተባለ፤ ጠበል ተኬደ፣ ወጌሻም ታየ፣ እግሩ ግን እንደ ሰለለ ቀረ።

እናታቸው ክፉ ሰው አልነበሩም፤ የሰው አፍ ፈርተው እንጂ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጃቸውን ጓዳ አስገብተው መጋረጃውን ይጥሉ ነበር። ወይዘሮ ፈለቀች ይህን ሲያወሩልን እየሳቁ ነው፤ “እኔ እኮ የዚህን ከተማ ሰው መጀመሪያ ያወቅሁት በጫማው ነው፤ ከመጋረጃው ሥር የሚታየኝ እሱ ነበራ!” ይሉ ነበር። መጋረጃውን የገለጡት አባታቸው ናቸው። ፈለቀች ዘጠኝ ዓመት ሲሞላቸው አንድ ጠዋት በጫንቃቸው ተሸክመው፣ “ያላየ ይይ!” እያሉ በገበያ መካከል አሳልፈው ትምህርት ቤት አስገቧቸው። ክራንች እስኪገኝም ድረስ በአባታቸው ጫንቃ ላይ ሆነው ተማሩ።

ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1977 ዓ.ም. በከተማው ስልክ ቤት በኦፕሬተርነት ተቀጠሩ። በ1981 ዓ.ም. የአውቶቡስ ሹፌር ከነበሩት ከአቶ ታምራት ጌታሁን ጋር ጋብቻ መሥርተው ኤደንንና እዮኤልን አፍርተዋል። አቶ ታምራት በ2006 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም ድካም ቢያርፉም፣ ወይዘሮ ፈለቀች ልጆቻቸውን ለወግ ለማዕረግ ያበቁ ብርቱ እናት ነበሩ።

ያን ጊዜ ስልክ የሚያገናኘው ሰው ነበር። ደጋው ላይ ዝናብ ሲጥል የደብረ ሲናዋ ኦፕሬተር ደውላ “ጣርማ በር ጠቁሯል” ትላቸዋለች፤ እሳቸውም ሰው ልከው ወንዝ ዳር ላለው ሁሉ ያስነግራሉ። የቆላ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። እኛ ዘንድ ፀሐዩ አናት እየበሳ፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ወንዙ ከላይ የዘነበውን ይዞ ይወርዳል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ!

በነሐሴ ወር 1984 ዓ.ም. ያ ጥሪ መጣ። ወሬው ደርሶ ጎረቤት ሁሉ ተሯሯጠ። ለጉልበት ሥራ ከሩቅ አገር የመጡ ባልና ሚስት ከተከራዩት ቤትም፣ ባልና ሚስቱ ሽንኩርት ማሳ ላይ ነበሩና፣ ሰው ገብቶ ማሽላውን አወጣላቸው፤ ድስታቸውንም፣ ፍየላቸውን ሳይቀር አወጣላቸው። ጓዳው ውስጥ ግን መስማትም መራመድም የማይችል ልጅ ተኝቶ ነበር። እንዲህ ያለ ልጅ እንዳላቸው ከጎረቤት አንድም የሚያውቅ አልነበረም! እናቱ ከማሳ እየሮጠች መጥታ፣ ፍየሏ ዳገቱ ላይ ታስራ ሳር ስትግጥ አየች፤ ልጇን ግን አጣችው። የዚያች እናት ጩኸት ከወይዘሮ ፈለቀች ጆሮ አልጠፋም። “እኔን ነው የወሰደው፤ መጋረጃው ያው የእኔ መጋረጃ ነው” እያሉ ብዙ ጊዜ ያለቅሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዝም ብለው አልተቀመጡም። ከባልንጀራቸው ከወይዘሮ ሙሚና ጋር ሆነው የአካል ጉዳተኞች የመረጃ ቀን ማዘጋጀት ጀመሩ። መጀመሪያ በሸዋ ሮቢት፣ በኋላም በጀውሃና በየእርሻው ሠፈር፣ ሰው በማይጠፋበት በገበያ ቀን ዛፍ ጥላ ሥር ሕዝቡን ሰበሰቡ። ወይዘሮ ፈለቀች በአማርኛ ይናገራሉ፤ ወይዘሮ ሙሚና በኦሮምኛና በአርጎብኛ ያስረዳሉ፤ መስማት ለተሳናቸውም በምልክት የሚያስረዳ መምህር ይመጣ ነበር። ተሽከርካሪ ወንበር የት እንደሚገኝ፣ ዓይነ ስውር ልጅ የት እንደሚማር፣ ከሌላ አገር ለሥራ የመጣ ሰውም ቢሆን ምን መብት እንዳለው ይነግሩ ነበር። “እዚህ አገር ዘመድ የለኝም” ለሚል እንግዳም “እኛ ምን ልንሆንልህ ነው ታዲያ!” ብለው ይቆጡታል።

ጫንቃ የሚባለውን ደንብ ያወጡትም እሳቸው ናቸው። መሸሽ የማይችል ሰው ያለበት ቤት ሁሉ ከቅርብ ጎረቤቱ አንድ ጫንቃ ይመርጣል፤ ውሃ ሲመጣ ተሸክሞ የሚያወጣው እሱ ነውና፣ ጫንቃውም ቤት ድረስ ገብቶ አልጋውን በዓይኑ ያያል። ወይዘሮ ፈለቀች የሰው ቤት ሲገቡ ገና ሰላምታው ሳያልቅ “አልጋው በየት በኩል ነው?” ይላሉ፤ በዚህም የከተማው ሰው “አልጋ ጠያቂዋ” እያለ ይቀልድባቸው ነበር። የዲያቆን ሞገስ ሽባ እናት ጫንቃ የሽንኩርት ነጋዴው አቶ ኢብራሂም ነበሩ፤ የአቶ ኢብራሂም ዓይነ ስውር ልጅ ጫንቃ ደግሞ ዲያቆን ሞገስ። ጎረቤት ጎረቤቱን በጎሪጥ ባየበት በዚያ ክፉ ጊዜ እንኳ እነዚህ ሁለት ሰዎች አንዱ የአንዱን ደጅ መርገጥ አልተዉም። ከዚያ ወዲህ ወንዙ ስንት ጊዜ ሞልቷል፤ ጫንቃ ካለው ቤት ግን ሰው አልወሰደም።

ዘንድሮ በሰኔ ወር 2017 ዓ.ም. ወንዝ ዳር ላስቲክ ወጥረው ለሚኖሩ የእርሻ ሠራተኞች የመጨረሻውን የመረጃ ቀን አዘጋጁ። ሰው ከተበተነ በኋላ ፊቷን በነጠላ የሸፈነች አንዲት እናት ቀርታ ወይዘሮ ፈለቀችን በጆሯቸው አናገረቻቸው። በክራንቻቸው ተከትለዋት ሄደው፣ ቤቷ ገብተው፣ ለማንም አሳይታ የማታውቃትን ልጇን አዩ። እናቲቱም “ብትናገሪ ሌሊቱን ጓዜን ጠቅልዬ እጠፋለሁ” አለች። ራሷ ወድዳ እስክትናገር ማንነቷንም ቤቷንም ላይናገሩ ቃል ገቡላት። በየቀኑም እየሄዱ “በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም፣ ልጄ” እያሉ ይለምኗት ነበር።

የእናቲቱ ልብ ሳይከፈት የወይዘሮ ፈለቀች ኩላሊት ታመመ። ወደ ደብረ ብርሃን ተወስደው በሕክምና ሲረዱ ቆዩ። ልጅ መኖሩን እንጂ ቤቱን ያልነገሯቸው ወይዘሮ ሙሚና አጠገባቸው ተቀምጠው “በአላህ፣ ቤቱን ንገሪኝ!” ብለው ቢያለቅሱም ቃላቸውን አላፈረሱም። የአቶ ኢብራሂም ልጅ ኑርሃንና የወይዘሮ ፈለቀች የወንድም ልጅ ኪሩቤል ላስቲክ ቤቶቹን አንድ በአንድ ዞረው ጠየቁ፤ ሁሉም “እኛ ዘንድ የለም” አለ። ጠበቅ አድርጎ መፈተሽ ደግሞ እናቲቱን ማባረር ነው። ነሐሴ 9 ቀን ከማረፋቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ዓይናቸውን ገልጠው “ሴት ልጅ ናት። አልጋዋ ከምድጃው ጀርባ፣ በግራ በኩል ነው” አሉ። ሌላ ቃል አልተናገሩም።

ወይዘሮ ፈለቀች ደጀኔ በተወለዱ በ61 ዓመታቸው ነሐሴ 9 ቀን 2017 ዓ.ም. ያረፉ ሲሆን፣ በአጥቢያቸው ቤተ ክርስቲያን ወዳጅ ዘመድ በተሰበሰበበት ሥርዓተ ቀብራቸው ይፈጸማል። ሁለት ልጆችና ሦስት የልጅ ልጆች አይተዋል።

ይህን ጽሑፍ ስናዘጋጅ ከደብረ ሲና ተደውሎልናል። ጣርማ በር ጠቁሯል።

እህታችን ሆይ፣ ለቀብር ያልመጣ የወንዝ ዳር ሰው ስለሌለ አንቺም እዚሁ መካከላችን ቆመሽ ትሰሚያለሽ። ማን እንደሆንሽ አናውቅም፤ እሳቸው ቃላቸውን ጠብቀውልሻል። የልጅሽን አልጋ እናውቃለን፤ የማናውቀው ቤቱን ነው። ቀብሩ ሲያበቃ ወይዘሮ ሙሚና የወይዘሮ ፈለቀችን ክራንች ይዘው በቅጥሩ በር ይቆማሉ። መናገር አይጠበቅብሽም፤ ክራንቹን ነክተሽ እለፊ፣ እኛ እንከተልሻለን። እባክሽ ዛሬውኑ፣ ውሃው ሳይቀድመን።

ደካማን የሚሸከም አምላክ የእናታችንን ነፍስ በጫንቃው ይዞ መጋረጃ ወደሌለበት ቤቱ ያግባልን፤ ለዚያች ልጅም እስክንደርስላት እሱ ይቁምላት። አሜን።