ጋሽ ቆዩ እና ትንሿ ካሜራ

በሙያቸው ፎቶ አንሺ፣ በሰፈሩ አጠራር «ጋሽ ቆዩ» የነበሩት አባታችን፣ ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው፣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ በምትገኝ ሁለት ክፍል ቤት ተወለዱ። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በአቅራቢያው ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተምረዋል። በሒሳብ ደህና፣ በጽሕፈት መካከለኛ ነበሩ፤ በመስኮት አሻግሮ በማየት ግን የሚስተካከላቸው እንዳልነበረ የክፍል መምህራቸው መስክረዋል።

ትምህርታቸውን እንደጨረሱ ፎቶ ቤት ተቀጥረው ፊልም ማጠብ ጀመሩ፤ ጥቂት ቆይተውም የራሳቸውን ፎቶ ቤት ከፈቱ። ቅጽል ስማቸው የወጣላቸው እዚያ ነው። ደንበኛው ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ «ቆዩ» ይሉና አገጩን ቀና፣ ትከሻውን ዝቅ ያደርጋሉ፤ እንደገና «ቆዩ» ብለው ኮሌታውን ያስተካክላሉ። ካሜራው ቀጭ እስኪል ደንበኛው ይዞት የመጣው ፈገግታ ተሟጦ አልቋል። በየሳሎኑ የተሰቀሉት የሰፈራችን ሰዎች ሁሉ ፍርድ የሚጠብቁ የሚመስሉት በዚህ የተነሳ ነው።

ውድ ባለቤታቸውን፣ እናታችንን፣ ያወቋቸውም ለሥራ መቀጠሪያ ፎቶ ሊነሱ ሲመጡ ነው። «አላማረም፣ ነገ ይመለሱ» እያሉ ደጋግመው አመላልሰዋቸዋል። ባለቤታቸው እስከ ዛሬ ሰበብ ነበር ይላሉ፤ አባታችን ግን እውነት ነው ብለው ይከራከሩ ነበር። የባለቤታቸው ሳቅ ከጎረቤት አልፎ ከመንገድ ማዶ ይሰማል፤ የአባታችን ትልቅ ካሜራ ሲዞርባቸው ግን ከንፈራቸው ይቆለፋል። የሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ በግድ የተዳሩ ይመስላሉ። ትዳራቸው በሦስት ልጆች ተባርኳል። አባታችንም ያንን ሳቅ አንድ ቀን ፎቶ ላይ ሳያስቀሩ እንዳይሞቱ ዕድሜ ልካቸውን ሰጉ።

ትልቁን ካሜራ ለእኛ ለልጆቻቸው «ታላቅ ወንድማችሁ» ብለው ነበር ያስተዋወቁን። እንዳንነካው ተከልክለናል። መኪና ውስጥ የፊት ወንበር የሱ ነበር፤ ባለቤታቸው ከእኛ ጋር ከኋላ ይቀመጣሉ። በስተእርጅና ግን ትከሻቸው እምቢ አለ፤ ሐኪሙም ከካሜራውና ከትከሻው አንዱን ምረጡ አሏቸው። ታናሽ ልጃቸው ጀማሪዎች የሚይዟትን፣ ኮት ኪስ የምትገባ ካሜራ ገዝታ ሰጠቻቸው። አባታችን ይቺ መጫወቻ ናት ብለው አኮረፉ። የሙያ ጓደኞቻቸውም «ጡት አስጥለዋት ነው ወይ ያመጧት?» እያሉ አሾፉባቸው።

በትንሿ ካሜራ የመጀመሪያውን ሠርግ ሊያነሱ ሄዱ። የሙሽራው አጎት ትከሻቸውን መታ አድርገው፣ «አባት፣ ትንሽ ዞር ይበሉ፤ ፎቶ አንሺው ሲመጣ ይጋርዱበታል» አሏቸው። አባታችን እሺ ብለው ዞር አሉ፤ ከዞሩበት ሆነውም ቀኑን ሙሉ አነሱ። ፎቶ አንሺ መሆናቸውን ያወቀ ስላልነበረ ፊቱን ያጠነከረም አልነበረም። ፎቶው ሲታይ አጎትየው ክራባታቸው ጀርባቸው ላይ ተገልብጦ፣ ከት ብለው ሲስቁ ተገኙ። ከሁሉም ትልቁን የፎቶ ህትመት ያዘዙት እሳቸው ናቸው።

በማግስቱ ባለቤታቸው ሰሃን እያጠቡ የአጎትየውን ነገር በመስኮት ለጎረቤት ሲያወሩ፣ አንገታቸውን ወደ ኋላ ጥለው ሳቁ። አባታችን ትንሿን ካሜራ ከኪሳቸው አውጥተው «ቆዩ» ሳይሉ አነሱ። ከዚያ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ፎቶውን በካሜራዋ ስክሪን ሲያዩ ምሳቸውን ረሱ። ልንጠራቸው ስንሄድ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ «ለካስ ቆዩ እያልኩ ሳቋን የማባርረው እኔው ነበርኩ» አሉን። ትልቁ ካሜራ ቁም ሣጥን ላይ ጡረታ ወጣ። ባለቤታቸውም የፊት ወንበሩን ተረከቡ።

ከዚያ ወዲያ የነበሩት ዓመታት የደስታ ዓመታት ናቸው። ባደረባቸው የልብ ሕመም ሲታከሙ እንኳ ነርሶቹን ሲያስቁና ሲያነሱ ሰነበቱ። ባለፈው ሰኞ ማለዳ ባለቤታቸውና ልጆቻቸው አጠገባቸው ሳሉ በሰላም አረፉ። አባታችን ባለትዳር፣ የሦስት ልጆች አባትና የአምስት ልጆች አያት ነበሩ።

በዚህ የሕይወት ታሪክ ሽፋን ላይ የምታዩት ፎቶ በሕይወታቸው ፈቅደው የተነሱት ብቸኛው ፎቶ ነው። ትንሿን ካሜራ ለባለቤታቸው ሰጥተው «እስኪ አንቺም ሞክሪ» ባሉ ጊዜ የተነሳ ነው። ጥጉ ላይ ያለው ጥላ የማተሚያ ቤቱ ስህተት አይደለም፤ የባለቤታቸው አውራ ጣት ነው። ልናስቆርጠው ብንል «ጣቴን ተዉት፣ አብሬው ልሁን» ብለው ከለከሉን።

አምላክ ነፍሳቸውን በብርሃን ስፍራ ያሳርፍ፤ ለባለቤታቸውም መጽናናትን ይስጥ። አባታችንም ከደጁ ሲደርሱ፣ ቆዩ ሳይባሉ ይግቡ።