የአባትህ የጠመንጃ መነጽር

ይድረስ ለልጄ ለደሳለው፣ አዳማ። እንዴት ሰነበትክ? እኛ ማርያም ትመስገን፣ አለን።

ገብሱ ደርሷል፤ ዝንጀሮው ግን አላስቀምጥ ብሎናል። አባትህ ለጠመንጃቸው የማነጣጠሪያ መነጽር ሊገዙ ቆርጠዋል። ርካሽም ውድም አለ። «ውዱ ያዋጣ እንደሆን ልጁን ጠይቂልኝ» ስላሉኝ ነው የምጽፍልህ።

ቅዳሜ አንበሳሜ ገበያ ወርደን ሁለቱንም አየናቸው። ርካሹን አንስተው ወደ ተራራው ቢያዩበት «ጭጋግ ነው» አሉ። ውዱንም አዩበት። «ይሄም ያው ነው፤ ዛሬ አገሩ ሁሉ ጉም ለብሷል» አሉት ነጋዴውን። ፀሐዩ አናት ይበሳ ነበር። ነጋዴው ዞሮ አየኝ፤ እኔ አቀረቀርኩ።

ትናንት ደግሞ ማሳው ዳር ተቀምጠን ሳለ «መጡ!» ብለው ጠመንጃቸውን ደገኑ። ቀና ብል ጎረቤታችን አዛለች ከነልጆቿ ጎንበስ ብላ ታጭዳለች። «ኧረ ይተዉ፣ ሰው ነው!» ብዬ አፈሙዙን ወደ ላይ ገፋሁት፤ ጥይቱ ወደ ሰማይ ሄደ። አዛለች ዝንጀሮ ያባረሩላት መስሏት ከሩቅ መረቀቻቸው። እሳቸው በጋቢያቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠራርጉ ዋሉ።

እባክህ ውዱም አያዋጣም ብለህ ጻፍላቸው፤ ካንተ ሲሰሙት ይሻላል። እኔ ጥይቱን ደብቄዋለሁ።

በል እመብርሃን ትጠብቅህ። አባትህ ደህና ናቸው፣ አታስብ። ብቻ ከሥራ ፈቃድ ከሰጡህ ገና ሳይደርስ ና፤ መልክህን ይዩት።

እናትህ ዘነበች