የሰፈሩን ውሃ ያስዘጉት የአቶ ይድነቃቸው በርጋ የሕይወት ታሪክ

አቶ ይድነቃቸው በርጋ ከአባታቸው ከአቶ በርጋ ወልዴና ከእናታቸው ከወ/ሮ ድንቄ ሞላ ቡኢ ከተማ አጠገብ ጥር 7 ቀን 1948 ዓ.ም. ተወለዱ። አንደኛ ደረጃን በቡኢ፣ ሁለተኛ ደረጃን በቡታጅራ ተምረው በአፈር ሙያ በዲፕሎማ ተመረቁ። ከልጅነታቸው ጀምሮ እሺታ የሚባል ነገር እንዳልፈጠረባቸው ታላላቆቻችን ይመሰክራሉ።

በ1979 ዓ.ም. ከወ/ሮ ኑኃሚን ጋር ጋብቻ ፈጽመው ሁለት ልጆች አፈሩ። ከ1985 ዓ.ም. ጀምሮም ወልቂጤ ተቀምጠው በአፈር ባለሙያነት አገልግለዋል። የቡታጅራውን ጉዳይ ሳንናገር ብናልፍ ግን ራሳቸው ከሳጥኑ ተነሥተው ያርሙናል።

በኅዳር 1997 ዓ.ም. ቡታጅራ ውስጥ አንድ አሮጌ ማደያ ተዘግቶ፣ ከመሬት በታች የተቀበሩት የነዳጅ ታንከሮች ሲወጡ አንዱ በዝገት ተበስቶ ተገኘ። አቶ ይድነቃቸው ተልከው ታንከሩ ከነበረበት ጉድጓድ ወለልና ከአራቱም ጎን አፈር በብልቃጥ ወሰዱ። ሲመረመር ቤንዚኑ ወደ ማደያው ጎረቤት ወደ ወ/ሮ ሳሌሃ የውሃ ጉድጓድ እያመራ ነው። ሰፈሩ የሚጠጣው ደግሞ ከዚያ ነው። በማግሥቱ ውሃውን አስዘጉት፤ ወ/ሮ ሳሌሃም ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላምታ ነሷቸው።

የተበከለው አፈር ተቆፍሮ ቤንዚኑ እስኪለቀው ሸራ ላይ ተሰጣ፤ በየሳምንቱ እንዲገላበጥም አዘዙ። ታዲያ የአረፋ በዓል ደርሷል። ለአረፋ ቤቱን የማይመርግ የለም፤ የለሰለሰ አፈር ደጃፍ ላይ ተሰጥቶ ማን ዝም ብሎ ያያል! ከሦስት ሳምንት በኋላ ሲመለሱ የቀረው ሸራው ብቻ ነበር። አፈሩ ከጭድ ጋር ተቦክቶ አሥራ አንድ ቤት ተመርጎበታል። ወይ ጣጣ! እኚህ የተከበሩ ባለሙያ ክራቫታቸውን አስረው ከቤት ቤት እየዞሩ የሰው ግድግዳ አሸተቱ። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው ምርጊቱን አስፍቀው በማዳበሪያ ከረጢት አስመለሱት። ጎረቤት ሙባሪክ፣ “ወላሂ፣ ለአፈር እንዲህ የሚሆን ሰው አይቼ አላውቅም!” ያሉት እውነታቸውን ነው።

ባለማደያው ቦታውን ለመሸጥ “አፈሩ ንጹሕ ነው” የሚል ወረቀት ፈለገ፤ ፈራሚው እርሳቸው ናቸው። አልፈርምም አሉ። ሽማግሌ ተላከ፤ አልፈርምም። አለቃ ተቆጣ፤ አልፈርምም። ታናሽ ወንድማቸው አለሙ፣ ማለትም የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ፣ “ጋሼ፣ አንድ ፊርማ ምን ያደርግሃል? ልጆችህን አስብ እንጂ!” ብሎ እግራቸው ላይ ወደቀ። እርሳቸው ግን “እነሱም ሰፈር ልጆች አሉ” ብለው አስነሡት። ምን ይባላል?

በዚሁ ሰበብ በ1998 ዓ.ም. ወደ አረቅጥ ተዛወሩ። ወ/ሮ ኑኃሚን ሁለት ልጆች ይዘው ብቻቸውን ወልቂጤ ቀሩ። ሰውዬው ይባስ ብለው በዓመት ፈቃዳቸው፣ የባለቤታቸውን የቅመም ብልቃጥ አጥበው፣ መኪና እየቀያየሩ ቡታጅራ ናሙና ይወስዱ ጀመር። ወንድማቸውም “ጤና የላቸውም” እያለ ለስንት ሰው አማቸው! በመጨረሻ አንድ አዲስ ኃላፊ የናሙናዎቹን ውጤት አይተው የቀረውን አፈር እስከ ሥሩ አስወጡት። በሚያዝያ 2000 ዓ.ም. አፈሩም ውሃውም ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ያኔ ፈረሙ፤ ውሃውም ተከፈተ።

አቶ ይድነቃቸው በ2008 ዓ.ም. ጡረታ እንደወጡ ኩላሊታቸውን ታመሙ። የታመሙ ጊዜ ወ/ሮ ሳሌሃ ልጃቸውን ሳቢሪንንና የልጅ ልጃቸውን ነዒማን ይዘው ከቡታጅራ መጡ። ውሃው ሲዘጋ ሳቢሪን ነፍሰ ጡር ነበረች። ወ/ሮ ሳሌሃ አሥራ ሁለተኛ ዓመቷን የያዘችውን ነዒማን ወደ አልጋው አስጠግተው፣ “ይቺን አላህ በእርስዎ ሰበብ ነው የጠበቀልን፤ አፉ ይበሉኝ” አሏቸው። አቶ ይድነቃቸው የልጅቷን እጅ ይዘው አለቀሱ። ወንድማቸው አለሙም እዚያው ቆሞ ነበር።

አቶ ይድነቃቸው መጋቢት 3 ቀን 2009 ዓ.ም. በተወለዱ በስልሳ አንድ ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። ባለቤታቸውን ወ/ሮ ኑኃሚንን፣ ልጆቻቸውን ኢትዮጵያንና ቸርነትን፣ እንዲሁም “ጋሼ፣ ልክ ነበርክ” ሳይላቸው የቀረ አንድ ወንድም ትተው አልፈዋል።

ፈጣሪ ነፍሳቸውን በደጋጎቹ መካከል ያሳርፍልን፤ ለቀረነው መጽናናትን ይስጠን።